የቁጠባ ማኅበራችንን እንዴት እናስተዋውቅ?



እኛ መርካቶ ውስጥ የምንሠራ አሥራ አራት ሰዎች ነን። አብዛኞቻችን ልብስ ሰፊዎችና ቸርቻሪ ነጋዴዎች ስንሆን ሁለት መምህራንና አንዲት የሒሳብ ባለሙያ እህትም አሉን። በ2014 ዓ.ም. አላህ (ሱ.ወ.) ፈቅዶ ከወለድ ነፃ የሆነ አነስተኛ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋምን። የማኅበሩን ስም እዚህ አንጽፍም፤ ይህ ገጽ የአንባብያን እንጂ የእኛ ማስታወቂያ መለጠፊያ አይደለምና። ልናወጋችሁ የፈለግነው ስለ አንድ ጉዳይ ነው። የሰውን ገንዘብ በአደራ የሚይዝ ትንሽ ቤት ራሱን ለሕዝብ የሚያስተዋውቀው እንዴት ነው? ልብስ ነጋዴ ልብሱን ከበሩ ላይ ይሰቅላል። ቅመም ነጋዴን ሽታው ይጠራለታል። የገንዘብ ቤት ግን ምኑን ይሰቅላል?

ነገሩን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በአገራችን ብዙ ሙስሊም ቤተሰብ ለረጅም ዘመን ገንዘቡን ወይ ፍራሽ ሥር አስቀምጧል፣ ወይ ባንክ አስገብቶ «ወለዱን አልፈልግም» ብሏል። ብሔራዊ ባንክ በ2004 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ነባር ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት በተለየ መስኮት እንዲሰጡ ፈቀደ። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ ለማየት ግን እስከ 2013 ዓ.ም. ሰኔ ወር መጠበቅ ነበረብን። ያኔ ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀመረ፤ ሒጅራ ባንክም ተከተለው። አልሐምዱሊላህ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም የመርካቶው ልብስ ሰፊ የሚፈልገው አንድ የስፌት መኪና ነው፤ ለመያዣ የሚያቀርበው ቤት የለውም፣ መኪናም የለውም። ማኅበራችን የተቋቋመው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው።

ተቋቋምን እንጂ ማን ያውቀናል? በመጀመሪያው ዓመት ቢሯችን ውስጥ ተቀምጠን ሰው ጠበቅን። ከአንድ ስብሰባ ላይ «ሞንታርቦ የጫነ መኪና ተከራይተን ሰፈሩን እንዙር» የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሌላው ወንድማችን ደግሞ ጉልላትና ጨረቃ ያለበት አረንጓዴ ባነር አሠርተን፣ በትልቁ «ሐላል» ብለን ጽፈን እንስቀል አለ። ማተሚያ ቤቱም ዋጋ ነግሮን ነበር። ከመካከላችን አንደኛው መምህር እጁን አውጥቶ፣ «ይህ ባነር ማኅበሩ ምን እንደሚሠራ የሚናገረው የት ላይ ነው?» ሲል ጠየቀ። የመለሰለት ሰው አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ደግሞ አንድ ነገር ሆነ። በሌላ የከተማው ክፍል የነበረ፣ ስሙን የማንጠራው የገንዘብ ሰብሳቢዎች ቡድን በሩን ዘግቶ ጠፋ። ገንዘባቸው ከዚያ የቀረባቸው ሁለት ሴቶች የእኛ ጎረቤቶች ናቸው። የቡድኑን ወረቀት አምጥተው አሳዩን። ጉልላቱም ጨረቃውም አለበት፣ «ሐላል» የሚለውም ቃል አለበት፣ ከሥሩ ደግሞ ያስቀመጡት ገንዘብ በየወሩ ይህን ያህል በመቶ ትርፍ ያለ ጥርጥር እንደሚያስገኝ ተጽፏል። እንግዲህ ልብ በሉ! ገንዘብ ሰጥቶ፣ ንግዱ ቢያተርፍም ቢከስርም በገንዘቡ ልክ የተቆረጠ ጭማሪ መቀበል ራሱ ሪባ ነው። በሸሪዓው መንገድ የሚነግድ ሰው ትርፉን የሚካፈልበትን ድርሻ አስቀድሞ ይዋዋላል እንጂ ትርፉ ስንት ብር እንደሚሆን ዋስትና አይሰጥም። ማስታወቂያው ራሱ በራሱ ላይ ይመሰክር ነበር። አንባቢው ግን ይህን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለዚህ ነው፤ ብቻ እዚህ ላይ በሬውን መውቀስ ይከብደናል፤ ገደሉን በሣር የሸፈነው ሌላ ነውና።

ከዚያ በኋላ በራችንን ያንኳኳ ሁሉ የሚጠይቀን «እናንተስ ከእነሱ በምን ትለያላችሁ?» እያለ ነበር። ጥያቄው አስከፋን ብንል ውሸት ነው፤ ይልቁንም መንገዱን አሳየን። ባነሩን ተውነው። በምትኩ በየወሩ አንድ ገጽ ወረቀት እንጽፋለን፣ በአንድ ወረቀት ላይም አንድ ጥያቄ ብቻ እንመልሳለን ብለን ወሰንን።

እቁብን ተመልከቱ። የእቁብ ሰብሳቢ ባነር ሰቅሎ ያየ ሰው አለ? የለም። እቁብተኛው እርስ በርሱ ይተያያል፣ ዕጣው ሲወጣ ሁሉም ይመለከታል፣ ማን እንደወሰደ፣ ማን እንዳልጣለ ሁሉም ያውቃል። እቁብን ያስተዋወቀው መታየቱ ነው። የእኛን ዓይነት ማኅበር ግን ብዙ ሰው ውስጡን አያየውም፤ ገንዘቡ ይገባል፣ ደረሰኝ ይወጣል፣ በቃ። ስለዚህ በጽሑፍ የምናደርገው ውስጡን ማሳየት መሆን አለበት አልን። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ ከአንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ሥሩን እርጥብ ሆኖ እንዳገኙት፣ ሻጩም ዝናብ እንዳገኘው ሲነግራቸው ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ለምን እንዳላደረገው እንደጠየቁት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። እኛ ይህን ታሪክ ስንሰማ ሁልጊዜ የሚታየን እህል ነበር። ገንዘብ ቤትም እርጥብና ደረቅ እንዳለው የገባን ወረቀት መጻፍ ስንጀምር ነው።

የመጀመሪያው ወረቀት ስለ ሙራበሓ ነበር። እውነቱን ለመናገር ብዙ ሰው የዓረብኛውን ቃል ሲሰማ ዝም ይላል። ቃሉ የዲን ቃል ስለሚመስለው መጠየቅ ድፍረት ይሆንበታል። ስለዚህ በርዕሱ ላይ «ዋጋውና ትርፉ የታወቀ የዱቤ ሽያጭ» ብለን ጻፍን፤ ሙራበሓ የሚለውን ከሥሩ አደረግነው። ከዚያም በምሳሌ አስረዳን። አንድ አባላችን የስፌት መኪና ይፈልጋል እንበል። መኪናው ሱቅ ውስጥ 40,000 ብር ነው። ማኅበሩ በራሱ ገንዘብ ይገዛዋል፣ ደረሰኙ በማኅበሩ ስም ይቆረጣል፣ መኪናውም ወደ እኛ መጋዘን ይመጣል። ከዚያ በኋላ ለአባላችን፣ «እኛ በ40,000 ገዝተነዋል፤ 6,000 ብር አትርፈን በ46,000 እንሸጥልሃለን» እንለዋለን። ከተስማማ 10,000 ብር ቅድሚያ ይከፍላል፤ የቀረውን 36,000 ብር በየወሩ 3,000 እያደረገ በአሥራ ሁለት ወር ይጨርሳል። ቢዘገይ ዋጋው አንዲት ሳንቲም አይጨምርም። ሁለት ዋስ ግን እንጠይቃለን፣ ይህንንም ጽፈናል።

ወረቀቱ ከወጣ በሳምንቱ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጣ። አባቱ የእኛ አባል ነው። በትሕትና ሰላምታ ሰጥቶ ከተቀመጠ በኋላ፣ «ወንድሞቼ፣ አትቀየሙኝና ይህ እኮ ስሙን የለወጠ ወለድ ነው። 40,000 ሰጥታችሁ 46,000 ትቀበላላችሁ። አሥራ አምስት በመቶ ማለት አይደለም?» አለን። ገንዘብ ያዣችን እህት ሒሳቡን ባንድ አፍታ ሠርታ «አዎ፣ አሥራ አምስት በመቶ ነው» አለችው። ልጁ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቀም መሰለን፣ ዝም አለ።

የልጁን ጥያቄ በሁለተኛው ወረቀት ላይ እንዳለ አተምነው። መልሳችን ይህ ነበር። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ልዩነት አያይም፤ ልዩነቱ ያለው ቁጥሩ በመጣበት መንገድ ላይ ነው። ገንዘብ አበዳሪ የሚሰጠው ገንዘብ ነው፤ መኪናው ቢሰበር፣ ቢጠፋ፣ ከነጭራሹ ባይገዛም እሱን አይመለከተውም። ተበዳሪው በዘገየ ቁጥር ደግሞ ዕዳው ያድጋል። እኛ ግን ነጋዴዎች ነን። መኪናው ከሱቁ ወጥቶ ለአባላችን እስኪተላለፍ ድረስ የእኛ ንብረት ነው፤ ጉዳቱም የእኛ ነው። ይህ በቃል ብቻ እንዳይሆን ያጋጠመንን አብረን ጻፍን። ተሸካሚው ደረጃ ላይ ሲወጣ አዳልጦት አንድ መኪና ወድቆብን ነበር። ማሠሪያው 1,800 ብር ፈጀ። የከፈለው ማኅበሩ ነው፤ የአባላችንም ዋጋ 46,000 እንደሆነ ቀረ። በመጨረሻም እንዲህ አልን፦ ዕቃውን ሳይገዛ፣ ሳይረከብ፣ በወረቀት ብቻ «ገዝቻለሁ» እያለ ገንዘብ የሚሰጥ ቤት ካለ የዚህ ተማሪ ክስ በትክክል ይመለከተዋል፤ እኛንም እንዲህ ስናደርግ ያገኘን ሰው ይክሰሰን።

ይህ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ብዙ አከራክሮን ነበር። «ለምን ለሰው ዱላ እናቀብላለን?» ያለ ነበረ። ግን የታተመው እንዳለ ነው። ከእንግዲህ አንድ ቀን እንኳ ተጣድፈን ዕቃውን ሳንረከብ ብንሸጥ ወረቀቱን ይዞ የሚመጣ ሰው እንዳለ እናውቃለን። ወረቀቱ ደንበኛ ከመጥራት አልፎ እኛንም የሚጠብቀን ሆነ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ፤ ጽሑፍ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ከሁሉም የከበደን ግን የአምስተኛው ወረቀት ጉዳይ ነው። አንዲት እናት ወረቀታችንን በእጃቸው ይዘው መጡ። ማንበብ አይችሉም፤ የልጅ ልጃቸው አንብቦላቸዋል። ሴት ልጃቸው ጂዳ ውስጥ ለዓመታት በሰው ቤት ሠርታ የላከችላቸው 180,000 ብር አላቸው። «ልጆቼ፣ ከወለድ ነፃ ናችሁ አሉኝ፤ ሁሉንም እናንተው ያዙልኝ» አሉን። የእኛ ማኅበር በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ገንዘብ በአንድ ቀን አይቶ አያውቅም። ስንት የስፌት መኪና ይገዛል! ገንዘብ ያዣችን ግን ሒሳብ ከመሥራቷ በፊት፣ «እናታችን፣ ገንዘቡን መቼ ይፈልጉታል?» አለቻቸው። ልጃቸው በዓመቱ መጨረሻ ጠቅልላ እንደምትመጣ፣ ስትመጣም ሱቅ ልትከፍት እንዳሰበች ነገሩን።

እንግዲህ ምን እንበላቸው? ማኅበራችን ገንዘቡን በዕቃ ላይ ያውለዋል፤ ዕቃው ደግሞ በአሥራ ሁለት ወር እየተከፈለ ነው የሚመለሰው። በአንድ ቀን 180,000 ብር አውጡ ብንባል የሌላውን አባል ተራ ሳንነካ ማውጣት አንችልም። ሌላም ነገር አለ። መንግሥት ያቋቋመው የገንዘብ አስቀማጮች መድን ፈንድ የሚሸፍነው ባንኮችንና የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማትን ነው፤ የእኛ ዓይነቱ ኅብረት ሥራ ማኅበር በውስጡ የለም። እኛ ብንወድቅ ለእኚህ እናት የሚደርስላቸው የመድን ገንዘብ የለም ማለት ነው። ይህንን ሁሉ ነገርናቸው። 20,000 ብር ብቻ እንዲያስቀምጡና የቀረውን ባንክ ከወለድ ነፃ ሒሳብ ውስጥ እንዲያኖሩት መከርናቸው። የልጅ ልጃቸው ፊቱ ሲጠቁር አየነው፤ እሳቸው ግን አንድ በአንድ እየደጋገሙ ካስነገሩን በኋላ «ይሁን» ብለው ሄዱ።

ማምሻውን ከመሥራቾቹ አንዱ በጣም ተቆጣ። «ሰው በእግሩ መጥቶ ገንዘቡን ሲሰጠን ሂድ እያልን የምናድገው እንዴት ነው? እናስተዋውቅ ብለን አይደል ወረቀት የምንጽፈው?» አለ። ንግግሩ ፍሬ ነገር ነበረው። ትንሽ ማኅበር ካላደገ ይሞታል፤ የሠራተኛ ደመወዝም የቢሮ ኪራይም መከፈል አለበት። ሌላው ወገን ደግሞ፣ የመድኑን ነገር ለእኚህ እናት በቃል ከነገርናቸው ለሌላው አባል የማንነግርበት ምክንያት የለም አለ። ድምፅ ሰጠንበት፤ ዘጠኝ ለአምስት ሆነ። አምስተኛው ወረቀት «ገንዘብዎን እኛ ዘንድ ማስቀመጥ የማይገባዎት መቼ ነው?» በሚል ርዕስ ወጣ። ከወጣ በኋላ ሁለት አባላት ቁጠባቸውን አወጡ። የተቆጣው ወንድማችንም አንድ ወር ያህል ስብሰባ ላይ ዝም ብሎ ይቀመጥ ነበር። እኚያ እናት ያስቀመጡትን 20,000 ብር እስከ ዛሬ አላሳደጉም። ልጃቸው ግን መጥታ ሱቁን ከፍታለች፤ ማሻአላህ፣ ወረቀታችንን ከሱቋ ወስደው የሚያነቡ ደንበኞችም አሏት።

ስለ አሠራሩም ጥቂት እንበል፤ እንዲህ ያለ ነገር ለመጀመር የሚያስቡ ወጣቶች ይጠይቁናልና። ወረቀቱ አንድ ገጽ ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። በፎቶ ኮፒ ይባዛል። መጀመሪያ መምህሩ ይጽፋል፣ ቀጥሎ ገንዘብ ያዧ ቁጥሮቹን ትመረምራለች፣ ከዚያ ልብስ ሰፊዎቹ ፊት ይነበባል። ልብስ ሰፊዎቹ ያልገባቸው ዐረፍተ ነገር ይሰረዛል። መምህሩ መጀመሪያ ላይ ይህ ነገር ያናድደው ነበር፤ አሁን ራሱ ቀድሞ ይሰርዛል። የምናስቀምጠው በልብስ ሰፊ ቤቶች፣ በሻይ ቤቶችና በእድር ስብሰባዎች ላይ ነው። በመስጂድ ግቢ ውስጥ አናድልም። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ብናድል በአንድ ቀን ሺህ ሰው እንደምናገኝ እናውቃለን፤ ነገር ግን በመስጂድ ውስጥ መሸጥና መግዛት የተከለከለበት ምክንያት የእኛንም ወረቀት የሚነካ ይመስለናል። ሰውም ከኢማሙ አጠገብ የተቀበለውን ወረቀት ኢማሙ የመሰከሩለት አድርጎ ሊያየው ይችላል። ልጆች ወረቀቱን በስልካቸው ፎቶ እያነሱ ይላላኩታል፤ አንዳንዴም ግማሹን ብቻ። ስለዚህ እያንዳንዱን ወረቀት ቀንና ማኅተም እናደርግበታለን።

አንድ ሌላ ክርክርም ነበር። ክፍያ ያዘገዩትን ሰዎች ስም እንለጥፍ፣ እፍረት ያስከፍላል የሚሉ ነበሩ። እኛ ይህን አልተቀበልነውም። ቁርኣን የተቸገረን ባለዕዳ እስኪያገኝ ድረስ እንድንታገሠው ያዘናል፤ ስሙን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ትዕግሥት አይደለም። እያለው የሚያዘገየው ደግሞ ዋሶች አሉት፣ ከዚያም አልፎ ሕግ አለ። ይሁን እንጂ ቁጥሩን መደበቅም ተገቢ መስሎ አልታየንም። ስለዚህ በየወሩ ከወረቀቱ ግርጌ ሁለት ቁጥር ይወጣል፦ ስንት ሰው በዱቤ እየከፈለ እንደሆነና ከእነርሱ ስንቱ እንደዘገየ። ባለፈው ወር 63 ነበሩ፤ የዘገዩት 7 ናቸው። የትርፍ ክፍፍሉንም እንዲሁ እናወጣለን። አምና አንድ አባል በ1,000 ብር ዕጣ የደረሰው 74 ብር ነው። ኑሮ ከተወደደበት መጠን ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ ይህንንም ጽፈነዋል። ያነበበ አንድ ነጋዴ መጥቶ፣ «74 ብር ብላችሁ ያለ ኀፍረት የጻፋችሁ ሰዎች ናችሁና ልመዝገብ» አለን። ሌላው ደግሞ ያንኑ አንብቦ ስቆብን ሄደ።

ለሚቀጥለው ወር የተያዘው ጥያቄ የዘካ ነው። በማኅበሩ ውስጥ ዕጣ ያለው ሰው ዘካ የሚያወጣው ከጠቅላላ ዕጣው ላይ ነው ወይስ ዕጣው ከዋለበት የንግድ ዕቃና ጥሬ ገንዘብ ላይ ተሰልቶ? ማኅበሩ ለሁሉም በአንድነት ቢያወጣስ? ሁለት ኡስታዞች ዘንድ ሄደን ጠይቀን መልሳቸውን በጽሑፍ ተቀብለናል። መልሳቸው በአንዳንድ ነጥብ ይለያያል። ሁለቱንም ጎን ለጎን ለማተም ተስማምተናል፤ ወረቀቱ ግን አንድ ገጽ ስለሆነ የማንኛቸውን እንደምናሳጥር ገና እየተነጋገርንበት ነው።

ወሰላሙ ዐለይኩም።